ድመት ይዞ ዋይን ባር፦ የትኛው ያዋጣል?

አመዴ 6 ዓመቱ ነው። ግራጫ፣ 4.5 ኪሎ፣ የግራ ጆሮው ጫፍ ትንሽ የተቀደደ። ከእኔ ጋር ብዙ ድንበር ተሻግሯል። ወይን ቤት ውስጥ ያሳለፈው ጊዜ ግን ተደምሮ 5 ሰዓት አይሞላም። ሰንፌ አይደለም። ሞክሬ፣ ተሳስቼ፣ አንዴም ሰው ፊት አፍሬ የደረስኩበት ልክ ነው።

ድመት ይዞ ውጭ አገር የሚሄድ ሰው ዋይን ባር ሲያስብ ዓይኑ ላይ የሚመጣበት ነገር ያው አንድ ነው። ደብዘዝ ያለ መብራት፣ ቀይ ወይን፣ ጭን ላይ የተጠቀለለች ድመት። ፎቶው ያምራል። ድመቷን ግን የጠየቃት የለም። ውሻ አዲስ ቤት ሲገባ ጅራቱን እየቆላ ሰው ይፈልጋል። ድመት አዲስ ቤት ስትገባ መጀመሪያ የምትፈልገው መደበቂያ ነው። ስለዚህ እዚህ የማወዳድረው ባርን ከባር አይደለም። ድመቷ የት ትሁን፣ በስንት ሰዓት፣ ከየትኛው ወንበር አጠገብ የሚለውን ነው። እሱ ከተወሰነ ባር መምረጥ ቀላል ነው።

ከባሩ በፊት አገሩ

ጥሩ ወይን ያለበት አገር ሁሉ ድመት ይዘው ለእረፍት የሚሄዱበት አይደለም።

አውስትራሊያን እንውሰድ። ወይኑ ግሩም ነው። ከአብዛኛው ዓለም የሚመጣ ድመት ግን እንደደረሰ ኳራንቲን ይገባል፤ ትንሹ 10 ቀን ነው። የሁለት ሳምንት እረፍት ይዛችሁ ከሄዳችሁ ድመታችሁን የምታገኟት ሻንጣ ስታስሩ ነው። ጃፓን ደግሞ ከጥቂት አገሮች በስተቀር የእብድ ውሻ በሽታ የደም ምርመራ ከተወሰደ በኋላ 180 ቀን አስጠብቃ ነው የምታስገባው። ብሪታኒያ ድመት በተሳፋሪ ክፍል ይዞ በአውሮፕላን መግባትን አትፈቅድም፤ በጭነት ክፍል ብቻ ነው። «እሺ፣ ፓሪስ ላይ ወርጄ በባሕሩ ሥር በሚያልፈው ባቡር እሄዳለሁ» ብትሉም፣ ያ የተሳፋሪ ባቡር ድመት አይጭንም። የሚቀረው መኪና ወይም መርከብ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ይሻላሉ። የሚጠይቁት ግልጽ ነው፦ ማይክሮቺፕ (ቆዳዋ ሥር የሚገባ ትንሽ መለያ)፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት (ድመቷ ቢያንስ 12 ሳምንት ሲሞላት)፣ ከመጀመሪያው ክትባት በኋላ 21 ቀን መጠበቅ፣ እና ወረቀት። የምትነሱበት አገር ኅብረቱ መግቢያውን ቀለል ባደረገላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ከሌለ ግን ነገሩ ይረዝማል። ከክትባቱ 30 ቀን በኋላ ደም ይወሰዳል። ውጤቱ፣ ማለትም ክትባቱ በደሟ ውስጥ የፈጠረው መከላከያ፣ በሚሊ ሊትር 0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት መድረስ አለበት። ደሙ ከተወሰደበት ቀን ጀምሮ ደግሞ 3 ወር ይጠበቃል። በአጭሩ ግማሽ ዓመት ቀድማችሁ ካልተነሳችሁ አይደርስም።

እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳትባት አንድ ነገር አለች። ቅደም ተከተሉ ነው። ቺፑ ከክትባቱ በፊት ወይም በዚያው ቀን መግባት አለበት። ክትባት ቀድሞ ቺፕ ከተከተለ ክትባቱ እንዳልተሰጠ ይቆጠራል። አመዴ በዚህ ምክንያት ሁለት ጊዜ ተወግቷል። እስካሁን ይቅር ያለኝ አይመስለኝም።

አንዴ ከገባችሁ በኋላ ከአገር አገር መዘዋወሩ ቀላል ነው። በጀርመንና በኦስትሪያ ባቡር መያዣ ውስጥ ያለች ድመት ቲኬት አትከፍልም። እንዲያውም የጀርመን ባቡር ደንብ በነጻ የሚገባውን ትንሽ ውሻ ሲለካ «የቤት ድመት የሚያክል» ይላል። ውሻ በድመት ሲለካ ሌላ የት አይቻለሁ? ለመጀመሪያ ጉዞ ኦስትሪያን ወይም ጀርመንን የምመክረው ግን ለዚህ ብቻ አይደለም። ምክንያቱን ግቢዎቹ ጋ ስንደርስ ታዩታላችሁ።

ክፍል ውስጥ ትቷት መውጣት

የብዙ ድመቶች ትክክለኛ መልስ ይህ ነው። ለፎቶ አይሆንም፣ ግን ይሠራል። አልጋ ሥር ገብታ የተኛች ድመት አልተበደለችም። አርፋለች። በደል የሚመስለው ለእኛ ነው።

የመጀመሪያው ምሽት ላይ ግን አይሆንም። የደረሳችሁ ቀን አብራችሁ እደሩ። የራሷን ሽታ የያዘ ጨርቅ አንጥፉላት፣ መያዣዋን ክፍት አድርጋችሁ ጥግ ላይ አስቀምጡት፣ የምትጸዳዳበትን አሸዋ ከምግቧ አርቁት። በማግስቱ ለ20 ደቂቃ ውጡና ኮሪደሩ ላይ ቆማችሁ ስሙ። ዝም ካለች ምሽቱ የእናንተ ነው። የምትጮህ ከሆነ ቢያንስ ያን ቀን ተዉት።

ሁለት ነገር ቀድማችሁ አጣሩ። አንደኛ፣ እንስሳ የሚቀበል ሆቴል ሁሉ እንስሳን ብቻውን መተው አይፈቅድም። ይህንን ቦታ ስትይዙ ጠይቁ፤ ሪሴፕሽን ላይ ስትደርሱ መስማት ደስ አይልም። ሁለተኛ፣ «አትረብሹ» የሚለውን ካርድ በሩ ላይ ስቀሉ፣ ለሪሴፕሽንም በቃል ተናገሩ። ጽዳት የሚሠራው ሰው በከፈተው በር ድመት ልትጠፋ ትችላለች።

መስኮትም ቢሆን ቀላል አይደለም። ጀርመንና ኦስትሪያ ውስጥ መስኮቱ እንደ በር ከመከፈቱ ሌላ፣ እጀታውን ወደ ላይ ስታዞሩት ከአናቱ ወደ ውስጥ ዘንበል ይላል። ለሰው ምቹ ነው፤ አየር ይገባል፣ ዝናብ አይገባም። ለድመት ግን ወጥመድ ነው። በላይኛው ክፍተት ለመውጣት ትዘላለች፣ ሰውነቷ ወደ ታች ወደሚጠበው የጎን ክፍተት ይንሸራተታል፣ ወገቧ ላይ ትያዛለች። በታገለች ቁጥር ይበልጥ ትሰምጣለች፣ ወደ ኋላ እግሯ የሚሄደው ደም ይቋረጣል። የእነዚያ አገሮች የእንስሳት ሐኪሞች አደጋው የራሱ ስም እስኪኖረው ድረስ ያውቁታል። እኔ ከመውጣቴ በፊት ቁልፌን ከመፈለጌ ቀድሜ እጀታውን አያለሁ። ወደ ታች ካልተመለከተ አልወጣም።

ርዝመቱስ? ሁለት ሰዓት በቂ ነው። ሁለት ብርጭቆ በወጉ ይጠጣል፣ ትንሽ ይበላል፣ ይመለሳል።

ሆቴሉ ሥር ባር ካለ

ሰው ይንቀዋል። የሆቴል ባር ሙድ የለውም ይላል። ድመት ላለው ሰው ግን ከላይ ካለው አማራጭ የሚበልጥበት አንድ ነገር አለ፦ በአሳንሰር ሁለት ደቂቃ ነው። አንድ ብርጭቆ አዝዛችሁ፣ ወጥታችሁ አይታችሁ፣ ተመልሳችሁ ሁለተኛውን ማዘዝ ትችላላችሁ። ሆቴል ስመርጥ አሁን ከቁርሱ በፊት የምመለከተው የወይን ዝርዝሩን ነው።

በረንዳና ግቢ

ድመታችሁ ደፋር ከሆነች፣ መያዣዋ ውስጥ መተኛት የለመደች ከሆነች፣ አብራችሁ ልትወጡ የምትችሉበት ቦታ ውጭ ነው። ውጭ ስንል ግን ሁሉም አንድ አይደለም። ሦስት ከተማ ላስቀምጥ።

ፓሪስ ላይ የባር በረንዳ ማለት የእግረኛ መንገድ ነው። ጠረጴዛዎቹ ክርን ለክርን ናቸው። ክፍት በረንዳ ላይ ማጨስ ስለሚቻል ጭስ አለ። ከጀርባችሁ ሞተር ብስክሌት ያልፋል፣ ከእግራችሁ ሥር የሰው ውሻ ይተኛል። ለሰው ከዚህ የተሻለ መቀመጫ የለም፤ ሲመሽ ሰው ማየት ብቻ ይበቃል። ለድመት ግን በአራቱም በኩል የተከበበ ምሽግ ነው። አንዴ ሞከርኩ። አመዴ አንድም ድምፅ አላሰማም፤ ቦርሳውን ስከፍት ግን ላብ የጠጣ መዳፉ ጨርቁን አርጥቦት ነበር። ድመት የምታልበው በመዳፏ ነው። ያን ቀን ገባኝ።

ቬኒስ ሌላ ነው። ባካሮ የሚሏቸው ትንንሽ ወይን ቤቶች ውስጣቸው ከአንድ ባንኮኒ ብዙም አይበልጥም። ሰው ብርጭቆውን ይዞ ወጥቶ ጎዳናው ላይ ወይም የቦይ ዳር ቆሞ ይጠጣል። ብርጭቋቸውም ትንሽ ናት፤ በ10 ደቂቃ ታልቃለች። መኪና የሌለበት ከተማ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው። ድመቷ ጀርባችሁ ላይ ሆና፣ እናንተ ግድግዳ ተደግፋችሁ፣ አንድ ብርጭቆ ጠጥቶ መሄድ ይቻላል። ሰው ከመብዛቱ በፊት ከሆነ ነው ታዲያ። ከሥራ መውጫ ሰዓት በኋላ ያ ጠባብ መንገድ በሰው ይሞላል፣ ቦርሳችሁንም የማይገፋው የለም።

እኔ የምመርጠው የቪየናን ዳርቻ ነው። እዚያ ሆይሪገር የሚባሉ ወይን ቤቶች አሉ። አምራቹ የራሱን ወይን በራሱ ግቢ የሚሸጥባቸው ናቸው። ነገሩ የቆየ ነው፤ ንጉሠ ነገሥት ዮሴፍ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1784 ባወጣው ድንጋጌ ነው አምራቾች የራሳቸውን ምርት በቤታቸው እንዲሸጡ የተፈቀደው። ክፍት መሆኑን የምታውቁት በሩ ላይ በተሰቀለ የጥድ ቅርንጫፍ ነው። ቅርንጫፉ ከሌለ አታንኳኩ። ውስጥ ስትገቡ ዛፍ፣ ጠጠር የለበሰ መሬት፣ ረጃጅም የእንጨት አግዳሚዎች ታገኛላችሁ። ጀርመንም የዚህ ዘመድ አላት፤ አምራቹ በዓመት ከ4 ወር ባልበለጠ ጊዜ፣ ከ40 ባልበለጠ መቀመጫ የሚከፍተው ወቅታዊ ወይን ቤት ነው። ትንሽ ነው፣ ቤተሰብ ነው የሚያስተናግደው፣ ጠይቃችሁ የምትሰሙት መልስም የሰው መልስ ነው።

ለምን ለድመት ተሻለ? ድምፅ ነው ዋናው። እኛ ቅጥነቱ እስከ 20 ኪሎ ኸርዝ የሆነ ድምፅ እንሰማለን፤ ድመት ከ60 ኪሎ ኸርዝ በላይ ትሰማለች። ድንጋይ ግድግዳና ዝቅ ያለ ጣሪያ ባለው ባር ውስጥ ብርጭቆ ሲጋጭ፣ ቡና ማሽን ሲጮህ፣ ወንበር ሲጎተት ለእኛ «ደመቅ ያለ ቤት» ነው። ለእሷ ሌላ ነገር ነው። ዛፍ ሥር ግን ድምፅ ይበተናል። ግጭት የለም፣ ማሚቶ የለም።

እዚያም ቢሆን ወንበር ይመረጣል። ከጀርባና ከጎን ግድግዳ ወይም አጥር ያለበት ጥግ ያዙ። ከወጥ ቤቱ በር፣ ከድምፅ ማጉያ፣ ከመጸዳጃው መንገድ ራቁ። ቦርሳውን መሬት ላይ ሳይሆን አጠገባችሁ ወንበር ላይ፣ መረቡን ወደ እናንተ አዙራችሁ አስቀምጡት። ላዩን በቀጭን ጨርቅ ሸፍኑት፤ አየር እንዲገባ አንዱን ጎን ብቻ ክፍት ተዉት። ሰዓቱ ደግሞ ቤቱ የተከፈተበት የመጀመሪያው ሰዓት ነው። ሌላው ሰው ሲመጣ እናንተ እየወጣችሁ ነው።

ውስጥ ይዞ መግባት

ያፈርኩት እዚህ ነው። ወደ አንድ ባር «የቤት እንስሳ ትቀበላላችሁ?» ብዬ ጻፍኩ። «በደስታ!» አሉ። ለብሼ፣ አመዴን አዝዬ ሄድኩ። አስተናጋጇ ጎንበስ ብላ በመረቡ ወደ ውስጥ አየች። ሳቋ ቀስ እያለ ጠፋ። «ውሻ መስሎን ነው እኮ» አለች። ዘወር ስል ሁለት ጠረጴዛ ሥር ሁለት ውሾች። አንደኛው ተነስቶ ቆሞ ነበር። አመዴ ቦርሳው ውስጥ እጥፍ ሆኖ አበጠ። ቤቱ በሙሉ ዞሮ አየን። እንደገባሁ ወጣሁ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። «የቤት እንስሳ» የሚለው ቃል በባር ቋንቋ ውሻ ማለት ነው። ይባስ ብሎ፣ ለውሻ ምቹ የሆነ ባር ለድመት ይበልጥ የማይመች ነው፤ ምክንያቱም ውሻ አለበት። ስለዚህ አሁን የምጽፈው እንዲህ ነው፦ «ድመት ነው፣ ከመያዣው አይወጣም፣ ስንት ሰዓት ላይ ሰው ይቀንሳል፣ በዚያ ሰዓት ውሻ ያለው ደንበኛ ይመጣል ወይ?» ሁለቱንም ጥያቄ የመለሰልኝ ቤት ጥሩ ቤት ነው።

እምቢ ካሏችሁ ደግሞ አትከራከሩ። የአውሮፓ ኅብረት የምግብ ንጽሕና ደንብ (ቁጥር 852/2004) የቤት እንስሳት ምግብ ወደሚዘጋጅበት፣ ወደሚያዝበትና ወደሚከማችበት ቦታ እንዳይገቡ ያዛል። ትንሽ ዋይን ባር ውስጥ ባንኮኒው ራሱ አይብና ሥጋ የሚቆረጥበት ነው። ባለቤቱ ልክ ነው። አሜሪካ ላይም ሕጉ ለድመት አልተጻፈም። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2014 ያጸደቀችው ሕግ ምግብ ቤቶች ውጭ በረንዳቸው ላይ እንስሳ እንዲፈቅዱ መንገድ ሲከፍት የሚጠራው ውሻን ነው። አካል ጉዳተኞችን የሚያግዙ እንስሳት የሚገቡበት የፌዴራል ሕግም እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የሚያውቀው ውሻን፣ በተለየ ሁኔታ ደግሞ ድንክ ፈረስን ነው። ድንክ ፈረስ ይዞ መግባት የሚቻልበት ባር ድመት ሊከለክል ይችላል። ሳቁ፣ ግን ሕጉ እንዲያ ነው።

የእኔ ፍርድ፦ ውስጥ ይዞ መግባት ከአማራጮቹ ሁሉ መጨረሻ ነው። ዝናብ ከመጣ ወደ ክፍል ነው የምሄደው።

የራሱ ድመት ያለው ባር

ይህ ያታልላል። ባንኮኒው ላይ የተጋደመ የቤት ድመት ስታዩ «እነዚህማ ድመት ይወዳሉ» ትላላችሁ። ይወዳሉ፤ የራሳቸውን። ያ ድመት ደግሞ እንግዳ አይወድም። ቤቱ የእሱ ግዛት ነው፣ የእናንተዋ በቦርሳ ተሸክማ የመጣች ወራሪ ናት። የድመት በሽታም አለ፤ አንዳንዱ በንክሻ፣ አንዳንዱ በምራቅና በጋራ ሳህን ይተላለፋል። የሌላ ድመት ውኃ አታጠጧት።

የጆርጂያን ዋና ከተማ ትብሊሲን ያየ ይህን ይገነዘባል። ጆርጂያ ውስጥ ወይን ሲጠመቅ 8,000 ዓመት ገደማ ሆኖታል። በሸክላ ጋን መሬት ቀብሮ የማብላላቱን ጥበብ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2013 መዝግቦታል። የመንገድ ድመት ደግሞ በየደረጃው፣ በየበረንዳው ነው። ለድመት ወዳጅ ገነት ነው። አመዴን ክፍል ትቼ የሰው ድመት እያሻሸሁ ነው የምጠጣው እዚያ። ስመለስ እጄን አሸትቶ ጀርባውን ይሰጠኛል።

የወይን ጓዳና እርሻ

ከከተማ ወጥቶ እርሻ መጎብኘት ለድመት የሚስማማ ይመስላል፤ ጸጥ ያለ ነው፣ አረንጓዴ ነው። ግቢው ላይ ተቀምጦ መቅመስ እውነትም ከባር ይሻላል። ወደ ጓዳው መውረድ ግን አይደለም፣ በተለይ በመከር ጊዜ። በሰሜኑ የዓለም ክፍል ያ መስከረምና ጥቅምት አካባቢ ነው።

ምክንያቱ አየር ነው። ወይን ሲብላላ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። ይህ ጋዝ ከአየር አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ይከብዳል። ስለዚህ ወደ ታች ይወርድና ወለሉ ላይ ይተኛል። ሽታ የለውም፣ አይታይም። እናንተ ቆማችሁ በደንብ እየተነፈሳችሁ፣ መሬት ላይ ያስቀመጣችሁት ቦርሳ ውስጥ ያለችው ግን ሌላ አየር ላይ ልትሆን ትችላለች። አስጎብኚው ስለ በርሜሉ ሲተርክ ሰው ሁሉ ሻንጣውን መሬት ያስቀምጣል። ድመት ያለበትን ቦርሳ አታስቀምጡ፤ ከነጭራሹም አትውረዱ።

ሌላው፣ እርሻ ላይ የአይጥ መርዝ ይቀመጣል፣ ተክሉ ላይ መድኃኒት ይረጫል። ገመድ አድርጋችሁም ቢሆን በወይኑ ተክል መካከል አታንሸራሽሯት። መዳፏን ትልሳለችና።

ጠርሙስ ይዞ መመለስ

ብዙ የሚነገረው የለም። ወይን መሸጫ ገብታችሁ ሻጩን አማክሩ፣ 375 ሚሊ ሊትር የሚይዘውን ግማሽ ጠርሙስ ጠይቁ፣ ክፍል ተመለሱ። የባር ጨዋታ የለውም። ግን ጭን ላይ የተጠቀለለችው ድመት የምትገኘው እዚህ ብቻ ነው።

ቦርሳው

በአውሮፕላን የገባው መያዣ ሁሉ ለባር አይሆንም። ብዙ አየር መንገዶች ድመቷንና ቦርሳውን አንድ ላይ 8 ኪሎ ላይ ይገድባሉ፤ ስለዚህ ሰው ቀላልና ጠፍጣፋ ለስላሳ ቦርሳ ይገዛል። እሱ ወንበር ላይ ጥሩ ነው፣ ግን ቅርጽ ከሌለው ይተኛባታል። ጎኑ ሽቦ ያለውን ምረጡ።

ጀርባ ላይ የሚታዘለው፣ ፊቱ ላይ ክብ መስታወት መሰል ፕላስቲክ ያለው ቦርሳ አሁን ፋሽን ነው። ለመሄድ ይመቻል፣ እጃችሁ ነጻ ይሆናል። ፀሐይ ላይ ግን ያ ፕላስቲክ ቦርሳውን ምድጃ ያደርገዋል፤ በዚያ ላይ ሰው ሁሉ ፊቷ ላይ እየመጣ ያያታል። መደበቂያ የሌለው መደበቂያ ነው። በፕላስቲኩ ፈንታ መረብ የሚገጠምለት ካለ እሱን ውሰዱ። ጋሪ ደግሞ ሰፊ ነው፣ ግን የድሮ ከተማ ኮብልስቶን ላይ ድመቷን ሲያንቀጠቅጣት አይቻለሁ፤ ጠባብ ባር ውስጥም የሚቆምበት የለውም።

የደረት ማሰሪያና ገመድስ? ሁልጊዜ ይኑር፣ ቦርሳው ውስጥም እያለች። ከቦርሳ ለማውጣት ግን አይደለም። «ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ» ይባላል። ቤት ውስጥ ለወራት በገመድ የሠለጠነች ድመት ጠረጴዛ ሥር እርግብ ስታይ ሥልጠናው ሁሉ ያበቃል።

ሳህኑ፣ ብርጭቆው፣ አበባው

ወይን ለድመት አንድም ጠብታ አይሰጥም። 13 በመቶ አልኮል ያለው 100 ሚሊ ሊትር ወይን 10 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል አለው። እናንተ 60 ወይም 70 ኪሎ ናችሁ፣ እሷ 4። ደግነቱ ድመት የአልኮል ሽታ አትወድም፣ ጣፋጭም አትቀምስም። የጣፋጭ መቅመሻዋ በተፈጥሮዋ አይሠራም፤ ስለዚህ ጣፋጭ ወይን እንኳ አይስባትም። እውነተኛው አደጋ መጠጣት ሳይሆን መደፋት ነው። ብርጭቆ ወድቆ ጸጉሯ ላይ ከፈሰሰ ራሷን ስትልስ ትውጠዋለች። ወዲያው በውኃ በራሰ ጨርቅ ጥረጉት። እኔ ብርጭቆዬን ከቦርሳው በተቃራኒው በኩል ነው የማስቀምጠው።

ከሳህኑ ላይ ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርት የነካውን ሁሉ አርቁ፤ ቀይ የደም ሴሏን ያፈርሳል። በሥጋው ቅመም ውስጥ ተደብቆ ይገኛል። ዘቢብና ቸኮሌትም አይሰጧትም።

ማንም የማይጠረጥረው ግን አበባው ነው። ጠረጴዛ መሃል የአበባ ማስቀመጫ ካለ ዕዩት። ሊሊ ከሆነ አስተናጋጁ እንዲያነሳው ለምኑት፣ ወይም ጠረጴዛ ቀይሩ። የሊሊ ቅጠል፣ ዱቄቱ፣ የቆመበት ውኃ ሳይቀር የድመትን ኩላሊት በ3 ቀን ውስጥ ሊያጠፋ ይችላል። ጸጉሯ ላይ የበነነ ቢጫ ዱቄት ልሳ መሞት ትችላለች። የሆቴል ሎቢዎችም ይህን አበባ ይወዱታል።

መቼ ልነሳ?

ጆሮዋ ወደ ጎን ከተዘረጋ፣ የዓይኗ ጥቁሩ በብርሃን ውስጥም ሰፍቶ ከቀረ፣ ሰውነቷን አሳንሳ ከኋላ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈች፣ ያቺ ብርጭቆ የመጨረሻዋ ናት። ጉሮሮዋ ውስጥ «ኩርር» ማለቷ አያታልላችሁ፤ ድመት ተጨንቃም እንዲያ ትላለች። አፏን ከፍታ ከተነፈሰች ግን ብርጭቆውን እንኳ አትጨርሱ። ውሻ አፉን ከፍቶ ማለክለኩ የዘወትር ነው፤ ድመት ላይ ግን የጭንቀት፣ የሙቀት ወይም የበሽታ ምልክት ነው። ለጉዞ የሚያረጋጋ መድኃኒት አለ፤ ሐኪም ያዝዘዋል፣ ከጉዞው ቀናት በፊትም ቤት ውስጥ ይሞከራል። ባር ለመቀመጥ ሲባል ግን ድመት ማደንዘዝ ለእኔ ነውር ነው።

ለዚህ ሁሉ የሚረዳ አንድ ልማድ አለኝ። ሒሳቡን የምከፍለው ወይኑ ሲመጣ ነው። «ድመት ይዣለሁ፣ ድንገት ልነሳ እችላለሁ» ስል አስተናጋጆቹ ይገባቸዋል፣ አንዳንዶቹም ይስቃሉ። በቪየናው ግቢ የመጀመሪያው ቀን 15 ደቂቃ ቆይቼ ነው የተነሳሁት፤ ብርጭቆው ግማሽ ነበር። በሦስተኛው ቀን ቅርንጫፉ እንደተሰቀለ ገባሁ፣ የዛፉን ጥግ ያዝኩ፣ ቦርሳውን ወንበሩ ላይ አደረግኩ። ነጭ ወይን መጣ። ጠጠሩ ላይ አንድ ሰው እየተራመደ አለፈ። በመረቡ ውስጥ አየሁት። አመዴ አንድ መዳፉን ከደረቱ ሥር አስገብቶ፣ ዓይኑን ግማሽ ጨፍኖ፣ ያን የተቀደደ ጆሮውን ብቻ ወደ ሰውየው ኮቴ አዞረ። ከዚያ መለሰው።